ሳተርን ያልታየው ዓይን

ባለፈው ወር አንድ አርብ ምሽት... ጉርድ ሾላ አካባቢ ያለ ኮሌጅ ጣሪያ ላይ ከአባቴ ጋር ወረፋ ይዘን ቆመናል። ኮሌጁ አልፎ አልፎ ቴሌስኮፑን ለሕዝብ ይከፍታል፤ የፈለገ ሰው ወጥቶ ሰማይ ያያል።

አባቴን የወሰድኩት በግድ ነው። ኢምፔሪያል ጋ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። ከሱቅ ቤት፣ ከቤት መስጊድ... ሌላ ቦታ አያውቅም። «ኮከብ ለማየትም ወረፋ? ወሎ እያለን ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለን ነበር የምናየው!» እያለ ነው ደረጃውን የወጣው።

ተራችን ደረሰ። የምታሳየው ተማሪ «አባባ፣ ሳተርን ነው። ቀለበቱ ራሱ ይታያል። አንድ ዓይንዎን ጨፍነው ይዩ» አለችው።

ጎንበስ አለ። ቆየ...

«ምንም የለም።»

ልጅቷ ራሷ አየች። «ኧረ አለ አባባ፣ መሃል ላይ ነው!»

ደግሞ ሞከረ። «ጨለማ ነው ልጄ።»

ከኋላችን ማጉረምረም ተጀመረ። እኔም አፈርኩ። «አባ፣ ዓይንህን ክፈተው እንጂ!»

«ከፍቼዋለሁ እኮ!»

ልጅቷ ግን አልተጣደፈችም። «እስኪ በግራው ይሞክሩ» አለችው።

ዓይኑን ቀይሮ ጎንበስ አለ... «ሱብሃነላህ!» ብሎ ጮኸ። ወረፋው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

አባቴ ግን አልሳቀም። ቀና አለና ግራ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ።

«ሐያት... የት ነሽ?»

ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ። ክንዱን ይዤዋለሁ።

ሰኞ ዓይን ሐኪም ጋ ሄድን። ግላኮማ ነው ተባልን፤ ሳያም ሳይቆረቁር ቀስ እያለ ብርሃን የሚወስድ በሽታ ነው። ቀኙ አይመለስም። ግራውንም ጀምሮታል... ግን ሐኪሙ «ይሄንን በጠብታ እናቆየዋለን፣ ለዚህኛው በጊዜ ነው የመጣችሁት» አለን።

«እስከዛሬ እንዴት ሳያውቁት ቀሩ?» ብሎ አባቴን ጠየቀው።

«ግራው የሱንም ሥራ ደርቦ ሲሠራለት... በምን ልወቅ?»

ከሐኪም ቤት ወጣን። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ በኋላው ዞሬ ወደ ቀኙ መጣሁ።

እስካሁን መንገድ ስንሻገር በዚያ በኩል የምሄደው እኔ ነኝ።