«ተልኳል» ያለኝ ስክሪን

አሁንም መልእክት ልኬ «ተልኳል» ሲለኝ ደውዬ አጣራለሁ። ሶዶ ውስጥ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ድሮ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊያችን በየመንደሩ ይዞሩ ነበር፤ ኋላ ጉልበታቸው ደከመና «አረፍ ይበሉ» አልናቸው። አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠራልን። የሟቹን ስም ጽፌ አንዲት ቁልፍ ስጫን መርዶው ለአባላቱ ሁሉ፣ ገሱባና ቤሌ ላሉት ዘመዶችም በስልካቸው ይገባል።

አምና ክረምት ላይ የጎረቤቴ ባል ሞቱ። ጎረቤቴን እማማ ነበር የምላቸው። ልጅ የላቸውም፤ ባልና ሚስት ብቻቸውን ነው የኖሩት። ቁልፉን ተጫንኩ። በአረንጓዴ «ተልኳል» አለኝ። እፎይ ብዬ ድንኳን ወደማስተከሉ ሄድኩ።

ድንኳኑ ውስጥ የአጥር ጎረቤትና ጥቂት መዘምራን ብቻ ተቀመጥን። እኛ ዘንድ ቀብር ላይ ሰው ጠፋ ማለት ሟቹ ሰው አልነበረም ማለት ነው። እማማ መንገድ መንገዱን ያያሉ።

«ዝናቡ ይሆናል» አልኳቸው።

«ዝናብ ከቀብር ያስቀራል እንዴ?» አሉኝ። ደግሞም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምን በድሏቸው ነው?» አሉ።

እማማ አስከሬኑ ሲወጣም ዞር እያሉ መንገዱን ያዩ ነበር።

ከቀብር መልስ ያልመጡትን ብጠይቅ፣ ለካ መርዶው ለማንም አልደረሰም! መልእክቱን የሚልከው ለብቻው የተለጠፈ ክፍል ነው፤ ፕለጊን ይሉታል። እሱ ተበላሽቶ ኖሯል። ዋናው ፕሮግራም ይህን እያወቀ ነው አረንጓዴውን ያሳየኝ። የሠራውን ሰው ሄጄ ያዝኩት።

«ሰው እንዳይደነግጥ ብዬ ነው» አለኝ። «ስሕተቱን ውስጥ ውስጡን ይዞ በኋላ ራሱ እንደገና ይሞክራል።»

ደሜ ፈላ። ግን ገባኝ፤ ያደግነው እንደዚያ ነዋ። መርዶ በሌሊት አይነገርም፤ «ትንሽ አሞት ነው» እየተባለ ይነጋል።

«አንተ ሰውዬ» አልኩት፣ «መርዶ ስንደብቅ እኮ ቢያንስ ጎረቤት ያውቃል! ያንተን ማን ያውቅ ነበር? እኔ እንዳልደነግጥ ብለህ እሳቸውን ባላቸውን ብቻቸውን አስቀበርካቸው!»

ያኑ ዕለት ቁጭ ብሎ አስተካከለው። አሁን ያ ክፍል ሲበላሽ በትልቁ፣ በቀይ ይጽፋል፦ «መልእክቱ ለማንም አልደረሰም። የሚልከው ክፍል ተበላሽቷል። አሁኑኑ ይደውሉ ወይም ሰው ይላኩ።» እንዲህ ነው እንጂ! ያስደንግጠኝ።

እድርተኛው ነገሩን ሲሰማ እያለቀሰ ወደ እማማ ጎረፈ። እሳቸውም ተቀበሉ፤ ይቅርም አሉ። ያ ቀን ግን ከልባቸው አልወጣም። ከዚያ ወዲህ በየለቅሶው ከሁሉ ቀድመው እየመጡ ክንዴን ይዘው «ደርሷቸዋል ወይ?» ይሉኝ ጀመር። ቤቴ ገብቼም፣ ድስት እየማሰልኩም ድምፃቸውን እሰማለሁ። እፈራዋለሁ።

ዘንድሮ፣ የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሊደርስ ሲል እሳቸውም አረፉ። ቁልፉን ተጫንኩ። ስክሪኑ «ለሁሉም ደርሷል» አለኝ። አላመንኩትም። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁና ቤት ለቤት አንኳኳሁ። «ሰምተናል እኮ፣ እየለበስን ነው» ይሉኛል፤ እኔ ቀጣዩን አንኳኳለሁ። ከገሱባም ከቤሌም መኪና ሙሉ ሰው መጣ። ያ መንገድ በሰው ጠቆረ።

እማማ ግን አላዩትም።