ኮባው የጠጣልኝ ኮሶ

እኔ ኮሶ ጠጥቼ አላውቅም። ይህን መጻፍ ቀላል አይደለም፤ በአሰላ በእኛ ሰፈር በኮሶ ጠጪነት እንደ እኔ የተመሰገነ ሰው የለማ። ለነፍስ አባቴ ስንቱን ስናዘዝ ይቺን ብቻ እየዘለልኩ አሥራ አራት ዓመት ኖሬያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ አስካለ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በየሁለት ወሩ ቀዩን የኮሶ አበባ ወቅጣ፣ ነፍታ፣ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ አሳድራ፣ ማለዳ በባዶ ሆዴ በዋንጫ ትሰጠኝ ነበር። እኔም «ሰው እያየኝ አይወርድልኝም» ብዬ ወደ ጓሮ እወጣለሁ... ኮባው ሥር ድፍት አደርገውና አፌን እየጠረግሁ እመለሳለሁ።

«መረረህ?» ትለኛለች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

«ምን ይደረግ» እላለሁ።

ከዚያ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ማቃሰት ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው አይጠራም፣ አይላክም። ከአውራጃው ፍርድ ቤት የመጣ መጥሪያ እንኳ እስከ ነገ ይቆየዋል። የምሠራበት የእህል መጋዘን አለቃም «ተዉት፣ ኮሶ ጠጥቷል» ብሎ ያልፈኛል። አመሻሽ ላይ የገብስ አጥሚት ይቀርብልኛል። ሁዳዴን ሳላጉረመርም የምጾም ሰው ነኝ፤ ያቺን አንዲት ዋንጫ ግን... በልጅነቴ አንዴ ቀምሻት ነበር፤ በቃኝ።

አስካለ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆነ። ኮሶው ግን አልቀረም። እዚሁ ግቢ የሚኖሩት እናቷ እማማ ብዙነሽ ሥራውን ተረከቡ። የሰፈሩን ሰው ኮሶ የሚያጠጡት እሳቸው ናቸው፤ ጠንቃቃ ናቸው። ለነፍሰ ጡር አይሰጡም፣ ለሕፃን አይሰጡም፣ ከበሽታ ለተነሣ ሰው ሰውነቱ ሳይመለስ አይሰጡም። «ኮሶ ሲበዛ ትሉን ትቶ ባለቤቱን ይገድላል» ይላሉ።

ያበላሸኋቸው እኔ ነኝ። ጥሬ ሥጋ እወዳለሁ፣ ትሉም እኔን ወዶኛል፤ እየከሳሁ ሄድኩ። እማማ ግራ ገባቸው። አንዱን ዋንጫ አንድ ተኩል አደረጉት፤ ምንም። ሁለት አደረጉት፤ እኔ ማቃሰቴን ጨመርኩ እንጂ አሁንም ምንም። በመጨረሻ «የዘንድሮው የጭላሎ ኮሶ ጉልበት የለውም» ብለው ፈረዱ።

ባለፈው ረቡዕ ማለዳ ፊቴን ልታጠብ ብወጣ፣ ጋሪ ነጂው ሁሴን እማማ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ወደ አዋሽ ዳር ወርዶ ወባ ጥሎት፣ ከአልጋ ከተነሣ ሳምንት አልሞላውም። አንገቱ የዶሮ አንገት አክሏል። ፊት ለፊቱ ሁለት ዋንጫ ሙሉ ኮሶ ተቀምጧል።

«ሁለት ነው እንዴ?» አልኩ።

«ሁለት ነው» አሉ እማማ። «የዘንድሮው ደካማ ነው፤ ማንንም አይጎዳ። አንተስ ሁለት ጠጥተህ፣ አመሻሽ ላይ አጥሚት ይደገመኝ ብለህ የለም?»

«እማማ፣ እሱ እኮ ታሞ ነው የተነሣው...»

«ማሎ፣ እባክህ ጋሼ» አለ ሁሴን፣ «አንተ ራስህ እንደ አለንጋ ቀጥነህ ሁለት ችለሃል። እኔ ምን አንሼ?»

ጭንቅ ያዘኝ። «ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው» አልኩ።

«ኮሶ ሥጋ ነው?» አሉ እማማ።

«እኔንስ ረቡዕ ምን አገባኝ?» አለ ሁሴን። ሁሴን መሆኑን በጭንቀቴ ረስቼው ነበር።

አበባው ነቅዞ እንዳይሆን አልኩ፤ እማማ ተቆጡ። ውሃው አልጠራም አልኩ፤ «ኮሶ መቼ ጠርቶ ያውቃል?» አሉኝ። ሁሴን አንደኛውን ዋንጫ አነሣ። «ቢስሚላሂ» ብሎ ወደ አፉ አስጠጋው...

አንገቱን አየሁት። ይህ ሰው ቢሞት ኮሶው አይደለም የገደለው፤ እማማም አይደሉም። የእኔ ማቃሰት ነው።

እጁን ያዝኩት። «እማማ፣ እኔ ኮሶ ጠጥቼ አላውቅም።»

ከደጅ የሁሴን ፈረስ አፍንጫውን ነፋ።

«አንድም ቀን?» አሉ እማማ።

«አንድም ቀን።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ኮሶ የት ገባ?»

በጣቴ አሳየኋቸው። ሦስታችንም ዞረን ኮባውን አየነው። በሰፈሩ እንደ እሱ የወፈረ ኮባ የለም።

«ወላሂ» አለ ሁሴን ዋንጫውን እያስቀመጠ፣ «ለካ ይሄን ኮባ ትል የማይነካው ለዚህ ነው።»

እማማ አልሳቁም። «ልጄ ታውቅ ነበር?» አሉኝ ቀስ ብለው።

አላወቀችም ልል ስል ያ ነጠላ ትዝ አለኝ። አፏን የምትሸፍነው አዝናልኝ ይመስለኝ ነበር... የጓዳችን መስኮት ደግሞ የሚከፈተው ፊት ለፊት ወደ ኮባው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እያየች፣ በየሁለት ወሩ እየወቀጠች፣ አጥሚቱንም እየሠራች...

«ሳታውቅ አልቀረችም» አልኩ።

እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ሁለቱንም ዋንጫ ከሁሴን ፊት አነሡ። «አንተ ሂድና ወተት ጠጣ። ሰውነትህ ሲመለስ ትመጣለህ፤ ያኔም ግማሽ ዋንጫ ነው።»

ሁሴን አልሄደም። በርጩማውን ወደ እኔ አዙሮ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

እማማ አንደኛውን ዋንጫ ደፉት። ሁለተኛውን ለእኔ ዘረጉልኝ።

«ወደ ጓሮ ልውጣ?» አልኩ።

«እዚሁ» አሉ።

በስመ አብ ብዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እስከ አተላው ጠጣሁት። ያን ቀን ሆዴን ይዤ ወደ ጓሮ ስሮጥ ውዬ ለማቃሰት ጊዜ አላገኘሁም።