ከሌንሳ ጎን የተቀመጠችው

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ሰኔ ውስጥ፣ እዚሁ ነቀምቴ ነው። እስከ ዛሬ ጉም ሲወርድ ባየሁ ቁጥር ጀርባዬን ቀዝቀዝ ይለኛል። ለባለቤቴ ብነግረው «ድካም ነው» ብሎ አለፈው። እሱ እንኳን ይህን፣ ራሴን አመመኝ ስለውም አያምነኝም። እንግዲህ እናንተ ፍረዱኝ።

እኔ የልዩ ፍላጎት ክፍል አስተማሪ ነኝ። ከተማሪዎቼ አንዷ ሌንሳ ትባላለች፤ አስራ ስምንት ዓመቷ ነው። ነገር ቶሎ አይገባትም፤ አንዴ ከገባት ግን አይወጣም። መዋሸት ደግሞ አታውቅም። ውሸት ምን እንደሆነ ላስረዳት ሞክሬ አቅቶኝ ትቼዋለሁ።

እናቷ አዴ ጫልቱ የልብ ሕመምተኛ ናቸው። በየቀኑ ከሰፈራቸው ከባኬ ጃማ ያመጧታል፣ ተመልሰው ይወስዷታል። አንድ ቀን የክፍሉ በር ላይ ቁጭ ብለው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ሐኪሙ መመላለሱን ተይ ብሎኛል። ከእንግዲህ ቤት ትቀመጥ» አሉኝ።

ሌንሳ እኛ ጋ ከመምጣቷ በፊት ስንት ዓመት በር ተዘግቶባት እንደኖረች አውቃለሁ። ብቻዋን በባጃጅ መሄድ ላስተምራት ብዬ ለመንኳቸው። ብዙ አሰቡና፣ «እሺ። አንዴ ከጠፋችብኝ ግን አበቃ» አሉ።

በመንገዱ ላይ ያሉትን ምልክቶች ፎቶ አንስቼ በክር አሰርኩላት። መጀመሪያ ባጃጁ ወደ ግራ የሚታጠፍበት ወፍጮ ቤት፣ ቀጥሎ አረንጓዴ የቤተ ክርስቲያን በር፣ መጨረሻ ላይ ቀይ የውሃ ታንከር። በየቀኑ ጎኗ ተቀምጬ፣ እጇን ይዤ አብሬያት ተመላለስኩ። ታንከሩ ሲታይ ለሹፌሩ «አስ ዻቢ»፣ እዚህ አቁም፣ ማለት ያለባት እሷ ነበረች። ግን ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ እኔ እቀድማታለሁ። ችኩል ነኝ፤ አመሌ ነው።

ብቻዋን የምትሄድበት ቀን ደረሰ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤቱ በር አንድ የማውቀው ሹፌር ባጃጅ ላይ አሳፈርኳት። እሷ ሳታየኝ በሌላ ባጃጅ ልከተላት ነበር ሐሳቤ። እኔ እስክሳፈር ጉሙ ወረደ። የሰኔን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አስፋልቱን ሳይቀር ዋጠው።

ከፊታችን ባለው ባጃጅ የኋላ ላስቲክ ውስጥ ቢጫ ሻርፗ ይታየኝ ነበር። አንዴ ዞራ አየችኝ። ፊቷን ለይቼዋለሁ።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ባጃጁ ወደ ግራ አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ ሄደ። «ተከተለው!» ብዬ በሹፌሬ ላይ ጮኽኩ። ቤቶቹ አለቁ፤ በግራና በቀኝ የጉቶ ጊዳ ወረዳ የበቆሎ ማሳ ብቻ ሆነ። ሌንሳ እንደገና ዞረች። እጇን አነሳች፣ ግን አላውለበለበችም፤ እንዲሁ አንስታ ያዘችው።

ባጃጁ ቆመ። ወርጄ ሮጥኩ። የኋላው ወንበር ባዶ ነበር።

«ልጅቷስ?» አልኩት ሹፌሩን። የማላውቀው ሰው ነው።

«የምን ልጅ? ምን ሆነሻል ኦቦሌቲ፣ እህቴ? ባዶዬን ነው ከገበያ የመጣሁት።»

ወንበሩን ዳሰስኩት። ሰው ተቀምጦበት የተነሳ ወንበር ይሞቃል። ያ ግን እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዝ ነበር።

ስልኬ ጮኸ። አዴ ጫልቱ ናቸው። ሁለቴ ሳላነሳው ቀረሁ፤ ልጅዎን አጥፍቻታለሁ ተብሎ በምን አፍ ይነገራል? በሦስተኛው አነሳሁት። እልል ይላሉ! ሌንሳ ታንከሩ ጋ ወርዳ ብቻዋን ቤት ገብታለች።

እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ በቀጥታ ቤታቸው ሄድኩ። ሌንሳ ቆሎ ትበላለች።

«በዚህ ጉም ታንከሩን እንዴት አየሽው?» አልኳት።

«አላየሁትም። አንቺ እጄን ጨበጥሽኝ።»

«እኔ የት ሆኜ?»

«ጎኔ ነበርሽ እኮ። ዝም ብለሽ። እጅሽ ይቀዘቅዛል።»

እናቷ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሌንሳ አትዋሽም።

በማግስቱ ያሳፈርኩበትን ሹፌር ጠየቅሁት። «ብቻዋን ነበረች» አለ። «ግን ጥግ ይዛ ነው የተቀመጠችው። መንገድ ላይ ሰው ልጭን ስቆም፣ ተይዟል ብላ ከለከለችኝ።»

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልጠፋችም። ጎኗ ላይ ቦታ ትታ መቀመጧንም ግን አልተወችም። ሹፌሮቹ ለመዷት። እኔ እንዳላስደነግጣት ብዬ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ራሴ ፈርቼ፣ ምንም አልጠየቅኋትም።

ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ሴትዮ ባጃጅ ውስጥ ከጎኗ ተጠግተው ሲሄዱ አየሁ። ሌንሳ ተይዟል አላለችም። በማግስቱ ክፍል ውስጥ፣ «ቦታዬን ለሰው ሰጠሽብኝ?» አልኳት እየቀለድኩ።

ሌንሳ ቀልድ አታውቅም። «አወረድኩሽ» አለች።

«የት?»

«ወፍጮ ቤቱ ጋ። ታንከሩ ሳይደርስ አፍሽን ልትከፍቺ ስትይ፣ አስ ዻቢን እኔ ነኝ የምለው፣ ውረጂ አልኩሽ።»

አፈርኩ። ደስም አለኝ፤ ከዚህ በላይ ምን ላስተምራት? አዴ ጫልቱም አሁን በራቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቋታል እንጂ ፍለጋ አይወጡም።

በወፍጮ ቤቱ በኩል ሳልፍ ግን ዓይኔን ወደ መንገዱ ዳር አልጥልም። ሌንሳ አውርጃታለሁ ካለች አውርዳታለች። ያቺ የወረደችው ሌላ ባጃጅ ስለማግኘቷ ደግሞ ምንም አልነገረችኝም።