የእማሆይ አጥንት፣ የአባ ስግደት

ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ራጅ ክፍል የገባሁት በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ ውስጥ፣ ድሬሰር ሆኜ ቁስል ማሰር ከሰለቸኝ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ አቶ ግርማ ጨረር የሚከላከለውን ከባዱን የእርሳስ ሽርጥ አለበሱኝና፣ ቢያጎብጥህም እንዳታወልቀው አሉኝ። እውነትም ያጎብጥ ነበር። ዛሬ ያ ሽርጥ ይናፍቀኛል ብል ማን ያምነኛል?

ጠላታችን ብርዱ ነበር። ጨለማው ክፍል ውስጥ ፊልም የምናጥብበት መድኃኒት በደብረ ብርሃን ብርድ ይሰንፋል። አቶ ግርማ ገንዳውን ሙቅ ውሃ ላይ አስቀምጠው እንደ አራስ ይንከባከቡት ነበር።

አንድ ዓመት፣ ከውጭ አገር የመጡት ሐኪማችን ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተቆረጠ አሉሚኒየም ይዘው መጡ። የበሽተኛውን እጅና አሉሚኒየሙን ጎን ለጎን ፊልሙ ላይ አድርገን ትንሽ ጨረር እንለቃለን። አሉሚኒየሙ በወፈረበት በኩል ፊልሙ ይነጣል፤ የአጥንቱ ንጣት የትኛውን ደረጃ እንደሚመስል አይተን ጥንካሬውን እንገምታለን። መድኃኒቱ ቢሰንፍም ሁለቱንም አብሮ ስለሚያደበዝዝ ብዙ አንሳሳትም። አሉሚኒየሟን “ደረጃዋ” እንላት ነበር።

እማሆይ ወለተ ሥላሴ ከአንኮበር የመጡት በዐቢይ ጾም ነው። ሲሰግዱ ወድቀው ግራ እጃቸው አንጓው ላይ ተሰብሯል። ደህናውን እጃቸውን ከደረጃዋ ጎን አድርጌ አነሳሁ። አጥንታቸው ቀጭኗን ደረጃ መሰለ። ሐኪሙ ስግደት እንዲተዉና ወተት እንዲጠጡ አዘዙ፤ ዳግመኛ ከወደቁ ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ሊቀሩ ይችላሉ። ይህን የማስረዳው እኔ ነበርኩ።

በጾም ወተት ስላቸው ሳቁብኝ።

“ልጄ፣ ሐኪሙ አጥንቴን ያውቅ ይሆናል። ቀኖናዬን የሰጠኝ ግን እሱ አይደለም” አሉ።

ነገሩ የገባቸው አቶ ግርማ ናቸው። ወደ አንኮበር በሚሄድ የጭነት መኪና ለእማሆይ የነፍስ አባት መልእክት ላኩ። አባ ገብረ ኢየሱስ በማግስቱ ደረሱ፤ ረጅም፣ ከሲታ ሽማግሌ ናቸው። ፊልሙን መስኮቱ ላይ አድርጌ አጥንቱንና ደረጃዋን አሳየኋቸው። ብዙ ጠየቁኝ፣ ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ እማሆይ አልጋ አጠገብ ሄደው ቆሙ።

“ስግደትሽን እኔ እሰግድልሻለሁ። አንቺ ተቀምጠሽ ዳዊትሽን ድገሚ። ወተቱንም ጠጪ፣ ፈቅጃለሁ።”

እማሆይ አለቀሱ። እኔም ደስ ብሎኝ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ በሥራዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። እጃቸው ድኖ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ለገበያ ብቅ ባሉ ቁጥር የገብስ ቆሎ ይዘውልኝ ይመጡ ነበር።

በዓመቱ፣ ጾሙ ሳያልቅ፣ አባ ገብረ ኢየሱስ በቃሬዛ መጡ። የራሳቸውን ሰግደው የእማሆይን ጀምረው ሳለ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። እጃቸውን ከደረጃዋ ጎን አድርጌ ሳነሳ፣ አጥንታቸው ከእማሆይም የሳሳ ሆኖ አገኘሁት። አባ ከዚያ በኋላ በእግራቸው አልቆሙም። እማሆይ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙላቸው ነበር።

ራጅ ክፍል የሚገቡ ልጆች ምክር ሲጠይቁኝ የምላቸው አንድ ነገር ነው። ከአንዱ ላይ ሸክም ስታወርዱ፣ የሚቀበለውንም ሰው አጥንት ለኩ።