አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅኳት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ስደውል ሌላ ሌላውን እያወራሁ ዘልዬዋለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁም ስለማታውቁኝ ነው እንጂ ስለማምናችሁ አይደለም።

ኮሮና የገባ ጊዜ ማዳም ልጆቿንም እኛንም ይዛ፣ አቡ ዳቢ፣ አል ባጢን ካለው ቪላ አል ዐይን ወዳለው የአባቷ ቤት ሄደች። ሠራተኞቹ እኔና ትርንጎ ነን። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ የመጣሁ፣ ዐረብኛውን ቶሎ የለቀምኩ ነኝ። እሷ የላስታ ልጅ ናት፤ ከ"ኸላስ"፣ ከ"በቃ" ማለት፣ ብዙም የዘለለ ዐረብኛ የላትም። አፏ እኔ ነበርኩ።

በር ተዘግቶብን ሁሉም ሁሉን ይጠረጥር ነበር። ማዳም ስናስነጥስ ትጠረጥረናለች። እኔ ደግሞ ትርንጎን ጠረጠርኩ። ደብቄ የያዝኩትን ስልክ ማዳም አግኝታ ስትወስድብኝ፣ "አንቺ ነሽ የነገርሻት?" አልኳት።

"በየትኛው ዐረብኛዬ?" ብላ ሳቀች።

ሳቋንም ጠረጠርኩ።

ከዚያ ወደ አገር ቤት የሚመልስ በረራ ተገኘ ተባለ። የትርንጎ ውል አልቋል። እናቷ አልጋ ይዘዋል። ሻንጣዋን አስራ ካስቀመጠች ሰንብታለች። ማዳም ኩሽና መጣችና፣ "ጠይቂያት፤ አሁን መሄድ ትፈልጋለች ወይስ ልጆቹ ትምህርት እስኪጀምሩ ትቆያለች?" አለችኝ።

ጠየቅኳት። ትርንጎ እጇን በሽርጧ ጠራርጋ አንገቷን ደፋች።

"ኧረ ምንም አይደል። እሳቸው ከተቸገሩ እቆያለሁ።"

ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔም አውቅ ነበር። ሰው ቤት ምግብ ሲያቀርቡልን "በልቻለሁ" እንደምንለው ነው፤ ደግመው እስኪለምኑን። ይሉኝታን በዐረብኛ ምን እንደሚሉት እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን አፌን የያዘው ቃል ማጣት ነው ወይ? "እናቷ ታመዋል፣ ልቧ ሄዷል፣ አፍራ ነው" ለማለት ዐረብኛ አላነሰኝም። እኔ ግን ቃል በቃል፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ "ችግር የለም፣ እቆያለሁ አለች" አልኩ። አልዋሸሁም። የሠራሁት ክፋት ይኸው ነው።

ማዳም ደስ አላት። "ኸላስ" ብላ ወጣች። ትርንጎ ማዳም የወጣችበትን በር ትንሽ አየችውና ወደ ሳህኖቿ ተመለሰች።

ለምን አደረግኩት? በስልኩ ቂም ይዤ ነው ስል ኖሬያለሁ። አሁን ይህንንም ምክንያት እጠረጥረዋለሁ። እሷ ሄዳ፣ ያንን ቤት ብቻዬን እችለው ነበር? እኔ ፈራሁ። እኔ ፈርቼ እሷን አስቀረኋት።

እናቷ ሌላ በረራ ሳይገኝ አረፉ። መርዶው በስልክ መጣ። ኩሽናው ወለል ላይ አብሬያት ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ያውም ድምፄን ከእሷ አስበልጬ። ፊቷን ጠራረገችና እንዲህ አለችኝ፦

"እኔኮ ደግመሽ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ነበር።"

 ከዚያ ወዲህ አንስታው አታውቅም።

አሁን አገሯ ገብታለች። በዓል በመጣ ቁጥር እየደወለች፣ "አንቺ ልጅ፣ ከሳሽ ወይስ ወፈርሽ?" ትለኛለች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌ ላይ ይደርስና እመልሰዋለሁ። እምቢ ትለኛለች ብዬ አይደለም። የምትለኝን አውቀዋለሁ።

"ኧረ ምንም አይደል" ነው የምትለኝ።