ቋሚ ያላገኘ ብሎን

ሱቄ መጥቶ ብሎን የሚጠይቀኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ቁጥሩን አይደለም፤ ግድግዳው ምን እንደሆነ ነው። ብዙው ይገረማል። አንዳንዱ ይሰለቻል፤ አንተ ዕቃህን ሽጥ፣ ግድግዳዬ ምን አገባህ ያለኝም አለ። እኔ ግን አልተውም። ብሎኬት ከሆነ ፊሸር የምንለውን የፕላስቲክ መሰኪያ እሰጠዋለሁ። ጭቃ ከሆነ ፊሸሩን ሣጥኑ ውስጥ መልሼ፣ ሂድና ቋሚህን ፈልግ እለዋለሁ። ጭቃ ቤትን የሚሸከሙት መሬት ውስጥ የተተከሉት እንጨቶች ናቸው፤ ጭቃው ንፋስ ከመከለል በቀር የሚይዘው ነገር የለም። ቋሚ የሚፈለገው ግድግዳውን በጣት አጥንት በማንኳኳት ነው፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ማለፍ፣ ድፍን ሲል ማቆም፣ ከዚያ በቀጭን ምስማር ወጋ አድርጎ ማረጋገጥ። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው። አባቴን የጣልኩትም ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው።

አባቴ አናጢ ነበር። መርካቶ ሰባተኛ ከሚባለው ሰፈር ጀርባ ያለውን ቤታችንን የሠራው ራሱ ነው። ባሕር ዛፉን መርጦ፣ ልጦ፣ ምስጥ እንዳይበላው እግሩን በተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀብቶ ተከለው። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክቶ ሦስት ሳምንት አስቀመጠው፤ ያልሸተተ ጭቃ አይመረግም ይል ነበር። ቤቱ ከግቢው ከፍ ስለሚል በሩ ላይ ሦስት የድንጋይ ደረጃ አለው። በሰፈሩ ስንት ቤት ሲያዘምም የእኛ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

መንግሥት ተለውጦ የንግዱ ቁጥጥር ሲላላ እኔ መርካቶ ውስጥ ማጠፊያ፣ ቁልፍ፣ ቧንቧና ምስማር የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ ያዝኩ። ያኔ ከዱባይና ከቻይና የሚመጣው ዕቃ እንደ ጎርፍ ነበር፤ የሚያብረቀርቀውን ሁሉ የሚገዛም አይጠፋም። ቧንቧ ስትገዛ በዓይንህ አትግዛ፣ እጅህ ላይ መዝነው፤ ቀለል ካለህ ውስጡ ነሐስ አይደለም እያልኩ ስንቱን መክሬያለሁ። ለሰው ስመክር ጎበዝ ነኝ። ሚስት ላገባ ስል ግን ራሴ የሚያብረቀርቀውን መረጥኩ።

የሚስቴ ቤተሰቦች ብሎኬት ቤት ውስጥ ያደጉ፣ የተደላደሉ ነጋዴዎች ናቸው። ታላቅ ወንድሟ የግንባታ መሣሪያ አስመጪ ነው። እኔ የጭቃ ቤት ልጅ መሆኔ አሳፈረኝ፤ ይህን ዛሬ ስጽፈው የባሰ ያሳፍረኛል። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ግንበኛ ጠርቼ የፊቱን ግድግዳ አስለሰንኩት። ሲሚንቶ ጭቃ አይወድምና እንዲጨብጥ መጀመሪያ የዶሮ ሽቦ ተመታበት፣ በላዩ ልስኑ ተደረገ፣ ልስኑ ሳይደርቅ ግንበኛው በምስማር ጫፍ መስመር እየጫረ የብሎኬት መልክ አወጣለት። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሥራውን ሲያይ ዋለና፣ የማን ቤት ነው ይሄ ብሎ ጠየቀኝ። ሳቅሁበት። ሽማግሌዎቼም በነገርኳቸው መሠረት ልጁ ብሎኬት ቤት አለው ብለው ተናገሩልኝ። ላዩ ብሎኬት፣ ውስጡን ለቄስ። ከዚያ በኋላ በአማቾቼ ፊት ቤታችን ብሎኬት ሆኖ ቀረ፤ ባለቤቴም ገብታ ብታውቅ ገመናዬን አላወጣችም፤ እኔም ደጋግሜ ስናገረው ለመድኩት።

ዓመታት አለፉና የአባቴ ግራ ጎን በስትሮክ ሰለለ። እናቴ ቀደም ብላ ስላረፈች የምንኖረው እሱ፣ እኔና ባለቤቴ ነበርን። ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ሦስቱን ደረጃ መውረድ ግድ ነው። አባቴ እዚያ ሰው ይዞት እንዲሄድ አይፈልግም ነበር። ምራቱ ክንዱን ስትይዘው ጆሮው ድረስ ይቀላል። ቆይቶ ውኃ መጠጣት ተወ። ለካስ ባይጠጣ ሽንት ቤት መሄዱ ይቀንስለታል ብሎ ኖሯል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ሳየው ምን ላድርግልህ አልኩት።

«የምይዘው ነገር ስጠኝ» አለኝ። «ሰው ሳይሆን የምይዘው ነገር።»

ደረጃው አጠገብ፣ በበሩ ጎን ግድግዳ ላይ፣ የብረት መደገፊያ ላቆምለት ወሰንኩ። ለዚህ ሥራ በዕቃ አልሳሳሁም። የሚያምረውን ስስ ቱቦ ትቼ ወፍራሙን የውኃ ቧንቧ ብረት መረጥኩ፤ ሰው ሙሉ ክብደቱን የሚጥልበት ነገር ሲጨብጡት ቀጭን መሆን የለበትም። በሁለቱም ጫፍ ባለ አራት ቀዳዳ ላሜራ አስበየድኩበት፣ ዝገት እንዳይበላው ሁለት ጊዜ አስቀባሁት። ብረቱ ዛሬም አለ፣ አልጎበጠም።

እሑድ ጠዋት የሚስቴ ወንድም ያስመጣውን አዲስ ድሪል ይዞ መጣ። ሊያግዘኝ ነው፤ ልቡ ደግ ነው፣ እሱን የማማበት ነገር የለኝም። በውኃ ልኩ ለክቶ በእርሳስ ምልክት አደረገ። ምልክቱ ያረፈው ከበሩ ቋሚ ስንዝር ተኩል ያህል ራቅ ብሎ፣ ባዶው ጭቃ ላይ ነው። ብሎኬት ስለሆነ የትም ይይዛል አለኝ። እጄ ለማንኳኳት ተነስቶ ነበር። ባንኳኳ ምን ትፈልጋለህ ይለኛል፤ ቋሚ ካልኩት የስንት ዓመት ወሬዬ በአንዲት እሑድ ይገለጣል። እጄን መልሼ ድሪሉን ያዝኩ።

ልስኑ ላይ ጮኸ፣ ግራጫ ዱቄት አወጣ። ከዚያ ድንገት ሊጥ ውስጥ እንደገባ ሰመጠ፣ ዱቄቱም ቡናማ ሆነ። የጭድ ብጣሽም አብሮ ወጣ። ያንን ጭድ አየሁት። አባቴ ያቦካው ጭድ ነው። የሚስቴ ወንድም ጎንበስ ብሎ ውኃ ልኩን ሣጥኑ ውስጥ ሲመልስ ቡናማውን አፈር በጫማዬ ገፋሁት።

አባቴ የድሪሉን ድምፅ ሰምቶ ከውስጥ ተጣራ፤ «ብሎኑ ቋሚ አገኘ?»

«አግኝቷል አባባ» አልኩት።

የሚስቴ ወንድም ሳቀ። ሽማግሌው ቤቱን ረስተውታል፣ ብሎኬት ምን ቋሚ አለው አለ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ረጃጅም ፊሸሮች ከተትኩበት፣ ብሎኖቹን አጠበቅሁ፣ በሁለት እጄ ሳብኩት። ያዘ። ነገ ብቻዬን ሆኜ ወደ ቋሚው አዞረዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሰኞ ዕቃ ገባ። ማክሰኞ ደከመኝ። አባቴ እንደሆነ አንድ ጊዜ አግኝቷል ብዬዋለሁና ብረቱን አምኖ ይወርዳል፣ ይወጣል። ውኃም መጠጣት ጀመረ። አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ ብቻውን ደረጃው ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ብረቱን መታ መታ አድርጎ፣ ጥሩ አድርገህ ነው የሠራኸው አለኝ። ሙያዬን ያመሰገነኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከሱቅ ጠሩኝ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ደረጃው አዳልጦታል፤ አባቴ በጤነኛው እጁ ብረቱ ላይ ተንጠለጠለ። ብረቱ ከነላሜራው፣ ከነፊሸሩ፣ ከነትልቅ ጓል ጭቃው ተነቅሎ አብሮት ወረደ። ስደርስ ሰው ወደ ውስጥ አስገብቶታል። ሆስፒታል ዳሌው ተሰብሯል፣ በዚህ ዕድሜ ቆሞ መሄዱን እርሱት አሉን።

ወደ ቤት በመለስነው በሳምንቱ የሚስቴ ወንድም ሊጠይቀው መጣ። እንደሚመጣ አውቄ ቀዳዳው ላይ ጆንያ ሰቅዬበት ነበር። አባቴ አልጋ ላይ ተጋድሞ እንኳ እኔ የማስበው ይህንን ነው። እንግዳው ብርቱካኑን አስቀምጦ ተቀመጠና፣ መደገፊያው ተነቅሎ ነው የሚሉት እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ድሪሉን ያመጣው እሱ ስለሆነ ጥፋቱ የራሱ መስሎት ፊቱ ጠቁሯል። ብርቱካኑን ከፌስታሉ አውጥቼ መደርደር ጀመርኩ።

«የለም» አለ አባቴ። «እግሬ ነው የከዳኝ። ብሎኬት ላይ የገባ ብሎን ምን ይነቀላል ብለህ ነው?»

አባቴ በሙያው ውሸት ተናግሮ አያውቅም። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ እርጥብ ነው ብሎ ሥራ የሚመልስ፣ በዚህም ደንበኛ ያጣ ሰው ነው። ለእኔ ሲል ዋሸ፤ ያውም በገዛ እጁ ባቆመው ቤት ላይ። እኔም ዝም ብዬ አስዋሸሁት። እንግዳው እፎይ ብሎ ሲሄድ እስከ በር ሸኘሁት፣ ጆንያው እንዳይገለጥም በጀርባዬ ከለልኩት።

ተመልሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አባባ ብዬ ጀመርኩ።

«ተወው» አለኝ። «ፖፖውን አቀብለኝና ውጣ።»

አቀበልኩት። አልወጣሁም፤ ቀና ሊል ሞክሮ ሲያቅተው እያየሁ ነበር። ከወገቡ ደግፌ ያዝኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እስኪጨርስም አልገለጠውም። እስኪሞት ድረስ ስምንት ወር እንዲሁ በየቀኑ ያዝኩት።