የበለጡ አረንጓዴ ግድግዳ

በለጡን የማውቃት ሸዋ በር ለቀን ሥራ ከምንሰለፍበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ያኔ አሸዋ ትሸከም ነበር። ዛሬ እሷ ፎርማን ናት፣ እኔ ሽመልስ አሁንም ፌሮ አጣምማለሁ። ምን ላድርግ፣ በግትርነት አልቻልኳትም።

አምና ሐኪም ጋራ ላይ የሰፈራችንን የውኃ ገንዳ ስንሠራ፣ ከብረት ማቅለጫ የተረፈ ዝቃጭ ተፈጭቶ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ መጣልን። በለጡ መሐንዲሱን ጠየቀችው። ጠንካራ ነው፣ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ አራት ሳምንት ሙሉ እንደረጠበ መቆየት አለበት አላት።

በሳምንቱ ሲሚንቶው የተሞላበትን ጣውላ ስናነሳ ክው አልን። ግድግዳው አረንጓዴ ሆኗል፤ የሻገተ ዳቦ ይመስላል። የሰፈሩ የውኃ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጋሽ ታደሰ፣ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፣ በከዘራቸው መታ መታ አደረጉና ይፍረስ አሉ። ሰፈርተኛውም ድሮስ ከዝቃጭ ምን ይጠበቃል እያለ አጉረመረመ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከበለጡ ጎን አልቆምኩም።

«ጋሽ ታደሰ፣ ቀለሙ የሲሚንቶው ጠባይ ነው፤ አየር ሲያገኝ ይለቃል» አለች በለጡ። «አራት ሳምንቱ እስኪሞላ ይታገሡኝ። ከዚሁ ሲሚንቶ ለብቻው የሞላነው ናሙና ተፈትኖ ከወደቀ በገዛ መዶሻዬ አፈርሰዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ፎርማን ብላችሁ እንዳትጠሩኝ።»

ጋሽ ታደሰ ፈቀዱ፤ ነገር ግን ሰው እየተጠማ ከሰፈሩ ውኃ አንድ ጠብታ እንዳትነካ አስጠነቀቋት። እውነታቸውን ነው። ውኃ በቦቴ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው፣ ለአንድ ቤት አምስት ጄሪካን።

በለጡ ግን ጠዋትና ማታ ጆንያ እያራሰች ግድግዳውን ታለብሰዋለች። ውኃውን ከየት እንደምታመጣው ግራ ገባኝ። አንድ ቀን መጋዝ ልዋስ ቤቷ ብሄድ ያልታጠበ ልብስ ተከምሯል። በረንዳው ላይ ያሉት ሁለት ጄሪካኖች ብቻ ናቸው። ልጇን ቤተልሔምን ሌሎቹስ ብላት፣ «ሦስቱ የግድግዳው ናቸው» አለችኝ፣ የቤተሰብ ስም እንደምትጠራ ሁሉ። አፈርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔም ድርሻ አንድ ጄሪካን አደርስላት ጀመር። ያቺ ግትር እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳትለኝ ተቀበለችኝ።

በሃያ ስምንተኛው ቀን ናሙናው ሲፈተን ጋሽ ታደሰ ራሳቸው ሄደው ቆሙ። ከሚፈለገው በላይ ተሸክሞ ነው የተሰበረው፣ ውስጡም አረንጓዴ ነበር። ሲመለሱ ግድግዳው ያን ሁሉ ጊዜ የማንን ውኃ እንደጠጣ ብቻ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

ገንዳው የተከፈተ ዕለት እሳቸው በሽምግልናቸው ከሰልፉ ፊት ነበሩ፣ በለጡ መጨረሻ ላይ። ጋሽ ታደሰ ጄሪካናቸውን አንስተው ሄደው ከኋላዋ ቆሙ። እኔም ተከተልኳቸው፣ ሌላውም ተከተለን። ሰልፉ ተገለበጠና በለጡ አንደኛ ሆነች።

ቧንቧውን ከፈተች። ጄሪካኑ ሞልቶ እግሯ ላይ እየፈሰሰ እሷ ግድግዳውን ታያለች፣ የሚያንጠባጥብ ቦታ ካለ ብላ።